የቀለማት መንኰራኩርና የቀለም ንግድ
ከጥቂት ጣሳ ብዙ ዓይነት ቀለም ስለ ማውጣት

የቤት ቀለም የሚነግድ ሰው ዘወትር ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው፥ ሸማቹ የሚፈልገው ቀለም ከመደርደሪያው ላይ አለመገኘቱ ነው። ሁለተኛው፥ ከመደርደሪያው ላይ ላለው ቀለም ሸማች አለመገኘቱ ነው። በመጀመሪያው ምክንያት ደንበኛ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ታስሮ ይቀራል፤ ዕቃውም ጊዜው ሲያልፍበት ይበላሻል። ለሁለቱም ችግሮች መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ብዙ ዓይነት ቀለም ከማከማቸት ይልቅ ጥቂቱን መርጦ በትክክል መቀላቀልን ማወቅ ነው። ለዚህ ዕውቀት መሪ የሚሆነው የቀለማት መንኰራኩር የተባለው ሥዕል ነው።

ሀ/ የመንኰራኩሩ አመጣጥ

ቀለማትን በክብ መስመር ላይ የማሰለፍ ሐሳብ ይበልጥ የታወቀው እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1704 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ኒውተን የፀሐይን ብርሃን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት አሳልፎ የልዩ ልዩ ቀለማት ድምር መሆኑን ካስረዳ በኋላ፥ የቀለማቱን ተራ ጫፍና ጫፍ አገናኝቶ ክብ አደረገው።

ጉዳዩን ወደ ንግድ ያቀረበው ግን ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ሼቭረል ነው። ሼቭረል በፓሪስ በጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኀላፊ ሳለ፥ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮም ባየ ጊዜ ጥቁሩ ክር ምንም ጉድለት የሌለበት ሆኖ፥ ደብዛዛ ያስመሰለው በአጠገቡ የተሸመነው ሌላው ቀለም መሆኑን ተረዳ። ይህንንም ትምህርት በ1839 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በመጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ ደንበኛ «የሸጥህልኝ ቀለም ከግድግዳው ላይ ሲቀባ ተለወጠ» ብሎ ቢመለስ፥ ነጋዴው ጣሳውን ከመንቀፉ አስቀድሞ የወለሉን፥ የመጋረጃውንና የበሩን ቀለም መጠየቅ ይገባዋል።

ለ/ አሠራሩና ሦስቱ ሕጎች

በወፍራም ወረቀት ላይ ክብ ሣሉና በ12 እኩል ክፍል ክፈሉት። በእኩል ርቀት በሦስቱ ክፍሎች ላይ ቢጫ፥ ቀይና ሰማያዊ ቀቡ። በቢጫና በቀይ መካከል ብርቱካን፥ በቀይና በሰማያዊ መካከል ወይን ጠጅ፥ በሰማያዊና በቢጫ መካከል አረንጓዴ ይገባል። የቀሩት ስድስት ክፍሎች በየጎረቤቶቻቸው ቅልቅል ይሞላሉ። ከዚህም ሦስት ሕጎች ይወጣሉ።

1ኛ/ በመንኰራኩሩ ላይ ጎረቤት የሆኑ ቀለማት ሲቀላቀሉ የጠራና የደመቀ ቀለም ይሰጣሉ።

2ኛ/ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቀለማት፥ ማለት ቀይና አረንጓዴ፥ ቢጫና ወይን ጠጅ፥ ሰማያዊና ብርቱካን፥ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ድምቀት ያጠፋል፤ ውጤቱም ቡናማ ወይም አመድማ ይሆናል።

3ኛ/ ነጭና ጥቁር ከክቡ ውጭ ናቸው፤ ነጭ ያፈካል፥ ጥቁር ያጨልማል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ግልጽ ነው። ማናቸውም ቀለም ከወደቀበት ብርሃን ከፊሉን ውጦ የቀረውን ይመልሳል። ሁለት ቀለማት ሲቀላቀሉ የሚዋጠው ብርሃን ይበዛል። ስለዚህም የሚቀላቀሉት ዓይነቶች በበዙ ቍጥር ድምቀት ይቀንሳል፤ ልምድ የሌለው ሰው ስህተቱን ለማረም ቀለም በቀለም ላይ ሲጨምር በመጨረሻ ጭቃ የሚመስል ነገር የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ/ ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም

ሰማያዊና ቢጫ አረንጓዴ ይሰጣሉ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ሰማያዊ ከሎሚ ቢጫ ጋር ሲቀላቀል ብሩህ አረንጓዴ ሲሰጥ፥ ወደ ወይን ጠጅ የሚያዘነብል ሰማያዊ ወደ ብርቱካን ከሚያዘነብል ቢጫ ጋር ሲቀላቀል የደበዘዘ አረንጓዴ ይሰጣል። በሁለተኛው ቅልቅል ውስጥ ቀይ ተሰውሮ ስለሚገኝ፥ ቀይም የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለ ሆነ፥ ድምቀቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ከቢጫ፥ ከቀይና ከሰማያዊ ከእያንዳንዱ ሁለት ዓይነት ይይዛል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ጎረቤቱ፥ ሌላው ወደ ግራ ጎረቤቱ የሚያዘነብል።

መ/ ድምቀትን ስለ መቀነስ

ገዢው «ይህ በጣም ጮኸብኝ፤ አለዝብልኝ» ሲል፥ ብዙዎች ወዲያው ጥቁር ይጨምራሉ። ጥቁር ግን ቀለሙን ያጨልመዋል እንጂ አያለዝበውም፤ በቢጫ ላይ ሲጨመርማ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ትክክለኛው መንገድ ከመንኰራኩሩ ላይ ተቃራኒውን ፈልጎ በጠብታ መጨመር ነው፤ ለጮኸ ብርቱካን ጥቂት ሰማያዊ፥ ለጮኸ አረንጓዴ ጥቂት ቀይ።

ሠ/ ስለ ልክና ስለ መዝገብ

ከሁሉ የሚበልጠው ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ሥራው ሳያልቅ ቀለም አልቆበት ሲመለስ ሁለተኛው ጣሳ ከፊተኛው ጋር ካልተመሳሰለ፥ ግድግዳው በሙሉ እንደገና ሊቀባ ነው፤ የነጋዴውም ስም ይጐድፋል። ስለዚህ አስቀድሞ በትንሽ ልክ መሞከር ይገባል። ለምሳሌ ያህል፥ በ100 ሚሊ ሊትር ነጭ ላይ 2 ሚሊ ሊትር ቢጫ፥ ግማሽ ሚሊ ሊትር ቀይና ሩብ ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ተጨምሮ የተፈለገው ቀለም ተገኘ እንበል። ደንበኛው የሚፈልገው 12 ሊትር ቢሆን፥ ይህ የሙከራው 120 እጥፍ ስለ ሆነ፥ 240 ሚሊ ሊትር ቢጫ፥ 60 ሚሊ ሊትር ቀይና 30 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ያስፈልጋል። በዚህም ጊዜ የሚከተሉት አይዘንጉ።

- ምንጊዜም ጥቁሩን ወደ ፈካው ጨምሩ፤ ነጩን ወደ ጥቁሩ መጨመር ብዙ ነጭ ይፈጃል።
- ናሙናውን ቀብታችሁ ሳይደርቅ አትፍረዱ፤ የውሃ ቀለም በብዛት ሲደርቅ ይጠቍራል።
- በመብራት የተመሳሰለ በፀሐይ ሊለያይ ስለሚችል፥ ናሙናውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ተመልከቱ።
- ለአንድ ቤት የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ዕቃ ቀላቅሉ።
- ልኩን፥ የፋብሪካውን ስምና ቀኑን በመዝገብ ጽፋችሁ፥ የደረቀውን ናሙና በአጠገቡ ለጥፉ።

ረ/ ለአስመጪዎች

ከዚህ በላይ የተነገረው ለዕቃ ትእዛዝም መሪ ይሆናል። ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ነጭ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያም ስድስቱ ማቅለሚያዎች፥ ጥቁር፥ እንዲሁም ዋጋቸው ቀላልና ፀሐይ የማያደበዝዛቸው ከብረት ዝገት የሚሠሩት አፈርማ ቀይና አፈርማ ቢጫ ይከተላሉ። የዘይት ቀለም ከውሃ ቀለም ጋር ስለማይዋሐድ፥ ማቅለሚያው ለየትኛው እንደ ሆነ ከሻጩ ፋብሪካ በጽሑፍ ይጠየቅ። አንዳንድ ደማቅ ቢጫና ብርቱካን ቀለም ከእርሳስ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ይህም ይልቁንም ለሕፃናት መርዝ በመሆኑ፥ እርሳስ የሌለበት ስለ መሆኑ ማረጋገጫ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የማደባለቂያ መኪና ያላቸው መደብሮች አሉ። መኪናው ልኩን ይሰፍራል፤ ነገር ግን ደንበኛው «ትንሽ ቀላ ብሏል» ሲል ምን ጠብታ እንደሚጨመር የሚያውቀው መንኰራኩሩን የተማረ ሻጭ ነው። ወረቀትና ጥቂት ቀለም ብቻ የሚያስፈልገው ይህ ሥዕል በእያንዳንዱ የቀለም ሱቅ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፥ የታሰረው ገንዘብ ይፈታል፤ ደንበኛም የሚፈልገውን ሳያገኝ አይመለስም።