የአሮጌው ኦራል ባለቤት ማን ነው?

ከጋሸና ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚወርደውን የ64 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስና ወደ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ የሚወስደውን ኮረኮንች ለሚያውቅ ሰው፣ አሮጌ ወታደራዊ የጭነት መኪና ለምን እንደሚያስጎመጅ ማስረዳት ትርፍ ነው። ኦራል ስድስቱም ጎማው ይጎትታል፤ ሻንሲው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጭቃም ድንጋይም በቀላሉ አይመልሰውም። ስለዚህ ሣር የበቀለበት ጋቢና አንድ ጓሮ ውስጥ ያየ መካኒክ፣ ወይም ጀርመን ያለ ወንድሙ “ገንዘቡን እኔ ልላክ፣ አንተ አድሰው” ያለው የላስታ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ይህን መኪና ገዝቼ፣ ጠግኜ፣ ታርጋ አውጥቼ መንዳት መብቴ ነው ወይስ አይደለም? መብት ነው። ይሁን እንጂ መብቱ የሚጀምረው ብዙ ሰው ከሚያስበው ቦታ አይደለም። ከገራዥ አይጀምርም፤ ከሻጩ ጋር ከሚፈረመው ውልም አይጀምርም። የሚጀምረው መከላከያ ወይም ሌላ ባለቤት የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናውን በሕጋዊ መንገድ መልቀቁን ከሚያሳይ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ከሌለ አዲሱም ጎማ፣ አዲሱም ቀለም በሰው ንብረት ላይ የፈሰሰ ገንዘብ ነው።

ወረቀቱ ይህን ያህል የሚከብድበትን ምክንያት ለመረዳት መኪኖቹ እንዴት ወደ አካባቢው እንደመጡ ማስታወስ ይበቃል። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ካዞረ በኋላ ኡራል፣ ዚልና ጋዝ የሚባሉት የጭነት መኪኖች ለሠራዊቱ መጡ፤ ከምሥራቅ ጀርመንም በሉድቪግስፌልደ ከተማ ይመረት የነበረው ኢፋ መጣ። ኡራል በሕዝቡ አፍ “ኦራል” ሆኖ ቀረ፣ ውሎ አድሮም የማንኛውም ወታደራዊ የጭነት መኪና መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ። ዋግና ላስታ በ1970ዎቹ ደርግና አማፂው ኢሕዴን የተዋጉበት ምድር ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ተሽከርካሪው አብሮ ተበተነ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ ጋሸናና ላሊበላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ቦታ ቆሞ የሚገኝ ወታደራዊ መኪና በጨረታ የተሸጠ ሊሆን ይችላል፤ የተማረከ፣ በሽሽት የተጣለ፣ ወይም ከነጭራሹ የተሰረቀ ሊሆንም ይችላል። ዝገቱ አንድ ዓይነት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ስለ ዝገቱ አይደለም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለመንግሥት አገልግሎት የተመደበንና በተፈጥሮው ወይም በአሠራሩ ለዚያ አገልግሎት የተስማማን ንብረት ከተራ ንብረት ለይቶ ያስቀምጠዋል። መለያው በቁጥር 1445 ላይ ነው። ቁጥር 1454 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት ከዚያ አገልግሎት መውጣቱ ካልተገለጸ በስተቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1455 ማንም ሰው ለረጅም ጊዜ በመያዙ ብቻ ባለቤቱ ሊሆን እንደማይችል ይጨምራል። ይህ የሕግ ዝርዝር ቀላል ነገር አይምሰልዎ። “ሃያ ዓመት ሙሉ በአባቴ ጓሮ ቆሟል፣ ማንም መጥቶ አልጠየቀም” የሚለው፣ በገጠር ሰሚ ሁሉ ራሱን የሚነቀንቅለት ክርክር፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ለተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ቁጥር 1193 ዕቃውን የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ እንዲገመት ያደርጋል፣ ቁጥር 1192 አሥር ዓመት እንደ ባለቤት ሳያቋርጥ የያዘን ሰው ባለቤት ያደርገዋል፣ ቁጥር 1161 ደግሞ በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ የተረከበን ገዢ ይጠብቃል። በሠራዊት አገልግሎት ላይ የነበረ መኪና ግን ከአገልግሎት መውጣቱ እስኪገለጽ ድረስ ከነዚህ ሕጎች ጥላ ውጭ ነው ብሎ መከራከር ለመንግሥት ጠበቃ አይከብደውም። የተማረከ መኪናም ቢሆን የማራኪው ወታደር የግል ሀብት አይሆንም፤ የጦርነት ምርኮ ለመንግሥት እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ስለዚህ ከማራኪ እጅ የገዛ ሰው የገዛው መኪናውን ሳይሆን ክርክሩን ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ሊቃወመኝ ይችላል፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። ተራ የጭነት መኪና፣ ለምሳሌ እህል የሚጭን ኢፋ፣ “በተፈጥሮው ለጦር አገልግሎት ብቻ የተስማማ” ነው ማለት ያስቸግራል። ያንኑ ሞዴል ሲቪል መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት እርሻዎችም ይነዱት ነበር። እውነት ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ያየ ሁሉ የጦር ንብረት አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና ቀድሞ ሲቪል ታርጋ ከነበረው ፍለጋው ሌላ መንገድ ይይዛል፦ በሻንሲው ቁጥር የቀድሞ ምዝገባው ይገኛል፣ የመጨረሻው ባለቤት ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ድርጅቱ ፈርሶ ወይም ተሸጦ ከሆነ ንብረቱን የወረሰው አካል ይጠየቃል። እዚህ ላይ የአሥር ዓመቱ ይዞታ ሊረዳዎ ይችላል። መድፍ ለመጎተት ወይም የሬዲዮ መሣሪያ ለመሸከም ተብሎ የተሠራ መኪና ሲሆን ግን በቁጥር 1445 ላይ ክርክር መክፈት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። በመካከል የሚወድቀው ተራው የሠራዊት ጭነት መኪናም ቢሆን፣ ክርክሩን ፍርድ ቤት ሊያሸንፉ ቢችሉ እንኳ፣ ታርጋ ሰጪው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆመው ሊያሸንፉት አይችሉም። እዚያ የሚታየው ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ “የተጣለ ዕቃ ነው” የሚለው ነው። ሕጉ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የኔ ብሎ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሚሆን በቁጥር 1151 ይፈቅዳል። ባለቤት የሌለው ዕቃና ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዕቃ ግን አንድ አይደሉም። ተኩስ በዝቶበት መኪናውን መንገድ ዳር ጥሎ የሄደ ሠራዊት ባለቤትነቱን ለቅቋል ማለት አይቻልም፤ የለቀቀው መሬቱን ነው። የተገኘ ዕቃን በተመለከተ ሕጉ በቁጥር 1154 ያገኘው ሰው ማግኘቱን እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ጉዳዩ የሕግ ብቻ አይደለም፤ ከጦርነት የተረፈ መኪና ውስጥና ዙሪያ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ስለሚችል በእርሻዎ ላይ የቆመውን ስብርባሪ መፈተሽ የእርስዎም የገራዡም ሥራ አይደለም፤ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ የሚተው ነው። ማስታወቂያውን በጽሑፍ ይስጡ፣ የተቀበለዎትን ሰው ፊርማና ማኅተም ያስቀሩ። በኋላ “ሰርቀህ ደበቅህ” የሚል ክስ ቢመጣ የሚያድንዎ ያ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው ግን የአውሮፓው ንጽጽር ነው። ጀርመን ያለው ወንድም ያየውን ያውቃል፦ ያው የምሥራቅ ጀርመን ኢፋ ታድሶ፣ ተወልውሎ፣ ኤች የሚል ፊደል ያለበት ልዩ ታርጋ ለጥፎ በጎዳና ላይ ይሄዳል። የጀርመን ሕግ ሠላሳ ዓመት የሞላውን፣ ቀድሞ በነበረው ይዞታ ተጠብቆ የቆየን መኪና እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ ይቆጥረዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቴክኒክ ምርመራ መመሪያም ታሪካዊ ተሽከርካሪን ሲተረጉም ሠላሳ ዓመትን፣ ምርቱ መቋረጡንና በዋናው ይዞታው መጠበቁን መሥፈርት አድርጓል። “እኛ አገርስ ዕድሜው ለምን መብት አይሰጠውም?” የሚለው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው፤ ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለታሪካዊ መኪና የራሱ መደብ አላበጀም። በኔ አስተያየት ሊያበጅ ይገባ ነበር፤ በጣሊያኑ ትሬንታ ኳትሮ የተጀመረ የጭነት መኪና ታሪክ ያላት አገር ብረቱን ሁሉ ለማቅለጫ መላክ የለባትም። ቢሆንም ንጽጽሩ ጠያቂው በሚፈልገው አቅጣጫ አይሄድም። ጀርመን ውስጥ የሠራዊቱ አሮጌ መኪና ወደ ሲቪል እጅ የሚገባው ቬቤግ በሚባል፣ የመንግሥት ትርፍ ንብረት በሚሸጥ ድርጅት በኩል በጨረታ ነው፤ ገዢው ምርመራ ጣቢያ የሚቀርበው ከሽያጩ ሰነድ ጋር ነው። ዕድሜው የሚያቀልለት የምርመራውን መሥፈርትና ግብሩን ነው። ባለቤትነትን ዕድሜ አይሰጥም፤ እዚያም ወረቀቱ ይቀድማል። የታደሰውን መኪና ከአውሮፓ ጭኖ ማምጣት ደግሞ አቋራጭ አይደለም፦ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጎ የተቀረጸ ነው። በውጭ ታርጋ ላሊበላ ድረስ የሚዘልቁት የቱሪስት መኪኖችም የገቡት ለጊዜው፣ ተመልሰው ሊወጡ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ያለው ሰው ምን ይመርምር? የመንግሥት ንብረት ማስወገድ በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 649/2001፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል፤ ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው ሰነድ ቢያንስ መኪናው እንዲወገድ የተወሰነበትን፣ ጨረታውን ማን እንዳሸነፈ፣ ገንዘቡ መከፈሉንና ርክክቡ መፈጸሙን ማሳየት አለበት፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሁሉም ላይ አንድ መሆን ይኖርበታል። አንድ ቃል በተለይ ይፈልጉ፦ ጨረታው የሸጠው “ተሽከርካሪ” ነው ወይስ “ቁርጥራጭ ብረት”? ብረት ተብሎ የተሸጠን ነገር ሊብሬ ይውጣልኝ ማለት የገዙትን ሳይሆን የተመኙትን መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ቀረጡ አለ። ለሠራዊት ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ መብቱ ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት፣ የጉምሩክ አዋጁ ቁጥር 859/2006 መንገድ ይህ ነው፤ ስለዚህ በጨረታው ሰነድ ላይ ይህን ዕዳ ማን እንደሚሸከም ሳያነቡ ዋጋ አይስጡ። የሽያጭ ውልዎንም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈራረሙ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1186 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በርክክብ እንደሚተላለፍ ቢናገርም ልዩ ሥርዓት የተደነገገላቸውን ዕቃዎች ለይቶ ይተዋል፤ መኪና ከነዚህ አንዱ ነው።

እድሳቱ የራሱ ወጥመድ አለው። ኡራል 375 በቤንዚን የሚሠራ፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ነው የተወለደው፤ በዛሬ የነዳጅ ዋጋ ማንም በናፍታ ሞተር ሊለውጠው ይፈልጋል። መለወጡ አይከለከልም፤ ሳያሳውቁ መለወጥ ግን ሊብሬውንና መኪናውን ያለያያል። ሞተር፣ ካሶኒ፣ ቀለም ሲለወጥ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ማወቅ አለበት፣ የአዲሱ ሞተር የግዢ ደረሰኝም ይያዝ። ከዚያ በኋላ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራና ቦሎው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድንና ለከባድ መኪና የሚፈቅድ መንጃ ፈቃድ ይቀራሉ። ከጋሸና ወደ ተከዜ ምንጮች የሚወርደውን ቁልቁለት ለሚያስብ ሰው የፍሬን ምርመራው ሙግት የሚያስነሣ አይመስለኝም። እንግዳ በካሶኒ ጭኖ ማጓጓዝ ግን የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ የተለየ ሥራ ነው፤ የጭነት ሊብሬ አይሸፍነውም።

ሰነድዎ ተሟልቶ መሥሪያ ቤቱ “አንመዘግብም” ቢልስ? “ወታደራዊ መኪና ነው” የሚል የቃል መልስ መልስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የንብረት መብትን፣ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብትን ይሰጥዎታል። ማመልከቻዎን በጽሑፍ አስገብተው መዝገብ ቤት ቁጥር ያሰጡት፤ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው፣ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። የከለከልዎ እንደ ጉምሩክ ያለ የፌዴራል ተቋም ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔውን ከነምክንያቱ እንዲሰጥና በፍርድ ቤት እንዲታይ መንገድ ይከፍታል። የቀበሌ ደብዳቤ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይተካም፤ “ግለሰቡ ይህን መኪና ይዞ እናውቀዋለን” የሚል ደብዳቤ ይዞታን እንጂ ከሠራዊቱ መለቀቁን አይመሰክርም።

ወረቀት የሌለውን መኪና አስቀድመው ከገዙ ደግሞ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል፤ ሆኖም ሻጩ ነጻ አልወጣም። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2281 ጀምሮ ያሉት የሽያጭ ድንጋጌዎች ሦስተኛ ወገን በመብቱ መጥቶ ዕቃውን ቢነጥቅዎ ሻጩ ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋሉ። የሚያሰጋው አንድ ነገር ነው፦ አደጋውን እያወቁ ከገዙ ዋስትናው ይላላል፤ “ወረቀት የለውም፣ በቅናሽ ውሰደው” ተብለው የገዙ መሆኑ በምስክር ከተረጋገጠ ማወቅዎን ማስተባበል ይቸግራል። ስለዚህ ከሌላ ወጪ በፊት በሻንሲው ቁጥር ላይ ተመሥርተው ለመከላከያ ሚኒስቴር በጽሑፍ ያመልክቱ፣ መኪናው ተወግዶ እንደሆነና በየትኛው ሽያጭ እንደወጣ ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሻንሲውን አያስበይዱ፣ አያስፍቁ፣ ቀለም አይቀቡት፤ ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር በብየዳ ከጠፋ መኪናውን ከሰነዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አብሮ ይጠፋል፣ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተፋቀ ከመሰለም ጥያቄው ከትራንስፖርት ቢሮ ወደ ፖሊስ ይሻገራል። ዝገቱን በጨርቅ ጠርገው ቁጥሩን ከቅርብ ፎቶ ያንሡት፤ ፎቶውንም ከማመልከቻዎ ጋር አያይዘው ይላኩ።