የገዙትን መልሶ መሸጥ፦ ያገለገሉ ቪዲዮ ጌሞችና የኢንተርኔት ገበያ

መግቢያ

«የራስ ንብረት» የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሰው የራሱን በሬ ይሸጣል፤ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ለአዟሪ ይሰጣል፤ የጠበበውን ጫማ በልዋጭ ያወጣል። ሲሸጥም የጫማ ፋብሪካውን ፈቃድ አይጠይቅም። ወደ ቪዲዮ ጌም ስንመጣ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ተጫውቶ የጨረሰውን ጌም በኢንተርኔት ገበያ ልሽጥ ሲል «መጀመሪያ ፈቃድ አምጣ» ሊባል ይችላል። ሕጉ «መሸጥ ትችላለህ» ያለውን ገበያው «እኔ ጋ አትሸጥም» ይለዋል ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማሳየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን «ገዛሁ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እየተለወጠ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ ቃላትን ሥራችን ላደረግነው ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ።

መርሁ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከጌም ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ «ካስትአዌይ» የሚል ልቦለድ አወጣ። መጽሐፉ ውስጥም «ከ1 ዶላር በታች እንዲሸጥ አልተፈቀደም፤ በታች መሸጥ የቅጂ መብትን እንደመጣስ ይቆጠራል» የሚል ማሳሰቢያ አተመበት። ሜሲ የተባለው የኒውዮርክ ትልቅ ሱቅ ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሸጠው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1908 ለሱቁ ተፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ ባለመብቱ አንዱን ቅጂ አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ያ ቅጂ ቀጥሎ በስንት እንደሚሸጥ የመወሰን ሥልጣን የለውም የሚል ነው። ይህ «የመጀመሪያ ሽያጭ መርህ» ይባላል። ቆይቶም በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ በጽሑፍ ገብቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። መርሁ ገዢው ጌሙን አባዝቶ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ እሱ ስርቆት ነው። የሚፈቅደው ያንኑ የገዛውን አንድ ሲዲ ወይም ካርድ ለሌላ ሰው እንዲያሳልፍ ነው። በጃፓንም የጌም አምራቾች ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆችን ከስሰው ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2002 ለሱቆቹ ፈረደ።

አምራቾቹ ለምን ከፋቸው?

ለአምራቾቹም ቅሬታ ምክንያት አላቸው። አንድ ጌም ለመሥራት ብዙ ባለሙያ፣ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ያገለገለው ሲሸጥ ግን ለሠሪው አንድም ሳንቲም አይደርሰውም። ጌምስቶፕ የተባለው የአሜሪካ የሱቅ ሰንሰለት በ2010 አካባቢ ከጥቅል ትርፉ ግማሽ የሚጠጋውን ያገኝ የነበረው ከአገልጋይ ዕቃ ነው። ያረጀ መጽሐፍ ገጹ ይቀደዳል፤ ጌም ግን ሲዲው ካልተጫረ ለሁለተኛው ሰው ልክ እንደ አዲሱ ይጫወታል። ስለዚህ ያገለገለው ጌም የአዲሱ ተፎካካሪ ነው ይላሉ።

በሌላ ወገን ደግሞ አዲስ ጌም የሚገዛው ወጣት ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያገኘው አሮጌውን ሸጦ ነው። አዲሱን ለመግዛት አቅም የሌለው ልጅም ጌሙን የሚያገኘው ከዚሁ ከአገለገለው ገበያ ነው። ይህን በር መዝጋት የሚጎዳው በቅድሚያ ኪሱ የሳሳውን ነው።

አምራቾቹ ብዙ ዘዴ ሞክረዋል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2010 በአዲስ የስፖርት ጌሞቹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ማስገባት ጀመረ። ያገለገለውን የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት 10 ዶላር እንዲጨምር ተደረገ። አሠራሩ ተጠልቶ በ2013 ቀረ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት አዲሱ ኤክስቦክስ ዋን ጌም መልሶ መሸጥንና ማዋስን የሚገድብ ደንብ እንደሚኖረው ገለጸ። ተጫዋቾች ጮኹ፤ ተፎካካሪው ሶኒም በእኛ ማጫወቻ መሸጥም ማዋስም ይቻላል ብሎ አስታወቀ። ማይክሮሶፍት ሰኔ 2013 ላይ ሐሳቡን ቀየረ።

የገበያው በር

በአደባባይ ያልተሳካው ነገር በገበያው ደንብ በኩል ቀስ ብሎ ሊገባ ይችላል። የኢንተርኔት ገበያ መንግሥት አይደለም። የግል ድርጅት ነው፤ ማን ምን ይሽጥ የሚለውን ራሱ ይወስናል።

ኢቤይ የመብት ባለቤቶች አቤቱታ የሚያቀርቡበት ፕሮግራም አለው። ባለመብቱ «ይህ ዕቃ መብቴን ይነካል» ካለ ማስታወቂያው ይነሳል። ገበያው ለምን ይቸኩላል? በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ በቅጂ መብት አቤቱታ ሲደርሰው ቶሎ የሚያነሳን ድርጅት ከተጠያቂነት ስለሚጠብቀው ነው። ሻጩ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። እስከዚያው ግን ዕቃው ተነስቷል።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ የቲሞቲ ቨርነር ጉዳይ ነው። ዕቃው ጌም ሳይሆን አውቶካድ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ነበር፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ቨርነር ያገለገሉ ቅጂዎችን ገዝቶ በኢቤይ ይሸጥ ነበር። አምራቹ አውቶዴስክ ደጋግሞ አቤት አለ፤ ኢቤይም በ2007 የሰውየውን አካውንት ለጊዜው አገደው። ቨርነር ፍርድ ቤት ሄደና መጀመሪያ ተፈረደለት። በ2010 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም አውቶዴስክ ሶፍትዌሩን «አልሸጥኩም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል ውል ነበረው። ፍርድ ቤቱ ባለቤት ያልሆነ ሰው መሸጥ አይችልም አለ። እንግዲህ ከ1904ቱ ማሳሰቢያ ጋር እናነጻጽረው። ያኔ መጽሐፉ ላይ የታተመ ማሳሰቢያ ገዢውን አላሰረውም፤ አሁን ሣጥኑ ውስጥ ያለ የፈቃድ ውል አሰረው።

አማዞን ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የአንዳንድ ብራንዶችን ዕቃ ለመሸጥ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱም ብዙ ጊዜ ከአምራች ወይም ከአከፋፋይ የተገኘ ደረሰኝ ይጠየቃል። ከጎረቤቱ ጌም የገዛ ሰው ይህን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የአገለገለ ዕቃ ጠባዩ ራሱ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ መሄድ ነው። በ2019 መገባደጃ ላይ የኒንተንዶ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች እንዲህ ያለ የፈቃድ ግዴታ የሚያስታውቅ መልእክት ከአማዞን ደረሳቸው። አማዞን ወዲያው መልእክቱ በስህተት የተላከ ነው አለ። መልካም። ነገር ግን በአንድ ኢሜይል የሚዘጋና በሌላ ኢሜይል የሚከፈት ነገር መብት ሊባል ይችላል ወይ?

ለገበያዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። ተመሳስሎ የተሠራ የጌም ካርድ አለ፤ የተሰረቀ ዕቃ አለ፤ ገዢ ሲታለል ገበያው ይወቀሳል። ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይቻልም። ጥያቄው አስመሳዩን ለመያዝ የተዘረጋው መረብ ሐቀኛውንም አብሮ ሲይዝ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

ሲዲው ሲጠፋ

አሁን ደግሞ ክርክሩ ራሱ እየተሸሸ ነው። በ2020 የወጡት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ እና የፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል ሞዴል ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። ጌሙ ከኩባንያው መደብር በኢንተርኔት ይወርዳል፤ መልሶ የሚሸጥ ዕቃ በእጅ የለም። ፈረንሳይ ውስጥ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተባለውን መደብር ባለቤት ቫልቭን ከስሶ በ2019 በፓሪስ ተፈርዶለት ነበር፤ በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በበኩላቸው ከጥር 2025 ጀምሮ ሻጮች ለዲጂታል ዕቃ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዲሁ እንዳይጠቀሙ ከልክለዋል። የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ለገዢው በግልጽ መነገር አለበት። ሕጉ መልሶ የመሸጥ መብት አልሰጠም። ቢያንስ ግን ቃሉ እንዳይዋሽ አድርጓል።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

በእኛም አገር ያገለገለ ዕቃ በቴሌግራምና በሌሎች የኢንተርኔት መንገዶች መሸጥ እየተለመደ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዜና ስንሠራ ሦስት ጥያቄ ብንይዝ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ የከለከለው ሕግ ነው ወይስ የድርጅት ደንብ? «ሕገወጥ» እና «በዚህ ገበያ የማይፈቀድ» የሚሉት አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ የተሸጠው ዕቃው ነው ወይስ ፈቃዱ? ሦስተኛ፣ የታገደው ሰው ወዴት አቤት ይላል?

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ መልሶ የመሸጥን መብት በአዋጅ የሻረው ፓርላማ የለም። መብቱ በወረቀት ላይ እንዳለ ነው። የሳሳው በውል ቃላት፣ በገበያ ደንብና በሲዲው መጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ መግለጫ ስለማይሰጥበት ዜና ሆኖ አይመጣም፤ ጋዜጠኛው ራሱ ሄዶ ካልፈለገው በቀር። የማይሸጥ፣ የማይዋስ፣ የማይወረስ ነገር ስንገዛ «ገዛን» ማለታችን ልክ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ለክፍል ውይይታችን ትቼዋለሁ።