ቅርብ ያለው ቪዲዮ ለምን ዞሮ ይመጣል?

የትምህርት ቪዲዮ ሲቆራረጥብን ብዙዎቻችን «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ከመስመሩ ፍጥነት ሌላ መረጃው የሚጓዝበት መንገድም ወሳኝ ነው። ዛሬ ከመንገዱ ወሳኞች አንዱን፣ ታነሊንግ ወይም «ዋሻ» የሚባለውን አሠራር እንማማራለን።

ዋሻው እንዴት ይሠራል?

ብሪታንያን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እዚያ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የቢቲን መስመር ተከራይተው ለደንበኞቻቸው ይሸጣሉ። የደንበኛው ራውተር ሲበራ ፒፒፒኦኢ በተባለ ፕሮቶኮል ግንኙነት ይከፍታል። ቢቲ ይህን ግንኙነት ሳይፈታ ኤልቱቲፒ በተባለ ሌላ ፕሮቶኮል ጠቅልሎ ለአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ያስረክባል። ሁለቱም ፕሮቶኮሎች የወጡት በ1999 ነው።

ነገሩ እንደታሸገ ፖስታ ነው። በመንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች የሚያነቡት የላዩን አድራሻ ብቻ ነው፤ ፖስታው የሚከፈተው ዋሻው ሲያልቅ ነው።

ቪዲዮ ላይ ምን ያስከትላል?

እንደ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ያሉ ድርጅቶች የቪዲዮዎቻቸውን ቅጂ ለተመልካች ቅርብ በሆኑ ሰርቨሮች ያስቀምጣሉ። ኔትፍሊክስ ለዚሁ የዘረጋውን ኦፕን ኮኔክት በ2012 ይፋ አድርጓል።

አሁን ተመልካቹ ኤድንብራ፣ የዋሻው መውጫ ግን ለንደን ነው እንበል። ኤድንብራ ውስጥ ሰርቨር ቢኖር እንኳ ጥያቄው መጀመሪያ ለንደን ደርሶ ነው የሚፈታው። ስለዚህ ቪዲዮው የሚላከው ለመውጫው ቅርብ ከሆነው ከለንደን ሰርቨር ይሆናል።

መዘግየቱ ያን ያህል አይደለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ደርሶ መልሱ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ችግሩ ያለው ጭነቱ ላይ ነው። 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው በ5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢመለከቱ፣ ረጅሙ መስመር 5 ጊጋ ቢት በሰከንድ ይሸከማል። ሁሉም አንድ የቀጥታ ስርጭት ቢከታተሉ እንኳ እያንዳንዱ በየራሱ ግንኙነት ውስጥ ስለሆነ 1,000 ቅጂ ይላካል። ሁሉም ቤቱ በሚገባበት የምሽት ሰዓት መስመሩ የሚጨናነቀው በዚህ ነው።

መፍትሔው የዋሻውን መውጫ ለተመልካቹ ማቅረብና ሰርቨሩንም እዚያው መትከል ነው። መውጫው ሳይቀርብ ሰርቨሩን ብቻ ማቅረብ ትርፉ ድካም ነው።

እኛን በምን ይነካናል?

ቪፒኤንም ዋሻ ነው። ስልካችሁ ላይ ቪፒኤን ከፍታችሁ መውጫውን ጀርመን ካደረጋችሁ፣ ቪዲዮ አቅራቢው ጀርመን ያላችሁ ይመስለዋል፤ አገር ውስጥ ቅጂ ቢኖርም ከሩቅ ይልክላችኋል። ዳታችሁም ጊዜያችሁም ይባክናል። ስለዚህ ቪዲዮ ከመክፈታችሁ በፊት ሳያስፈልግ የተከፈተ ቪፒኤን እንዳለ አረጋግጡ።

ለጥናት ቡድኖች፦ ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚወስደውን መንገድ በትሬስራውት አንድ ጊዜ ቪፒኤን ዘግታችሁ፣ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ መዝግቡ። መንገዱ የት ላይ ተለያየ? ለምን? በቀጣዩ የጥናት ክፍለ ጊዜ ውጤቱን ይዛችሁ ኑና እንወያይ።