ማግኔቱ መቼ ተጠረገ?

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ «አንድን ማሽን ለማያውቀው ሰው አስረዱ» የሚል አሳይንመንት ተሰጥቶን ነበር። ጓደኞቼ ካሜራና ማተሚያ ማሽን ሲመርጡ እኔ የዱቄት ፋብሪካ መረጥኩ። ሰበቡ ከሱቅ በተገዛ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ስበላ ጥርሴ ላይ ያገኘሁት ቀጭን ሽቦ ነው። በየት በኩል አልፎ መጣ?

እናቴ ስንዴ ስታስፈጭ መጀመሪያ በሰፌድ ታበጥራለች፣ ታንጠረጥራለች፣ ቁጭ ብላ ጠጠር ትለቅማለች። ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በማሽን መሆኑ ብቻ ይለያል። ብዙ ገበሬ እህሉን አሁንም አውድማ ላይ ስለሚወቃ አፈርና ጠጠር አብሮ ይታፈሳል። ኮምባይነር ያጨደውም ቢሆን የወለቀ ብሎን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሽቦና ምስማርም ከጆንያ ውስጥ አይጠፋም።

ወንፊቶች ከስንዴው የሚተልቀውንና የሚያንሰውን ይለያሉ፤ ገለባውን አየር ይወስደዋል። ችግሩ የስንዴ ፍሬ የሚያክለው ጠጠር ነው፤ ወንፊት አይለየውም። ለእሱ የተሠራው ማሽን በጣም ገረመኝ። ዘንበል ያለ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ አየር ይነፋል። ቀለል ያለው ስንዴ አየሩ ላይ ተንሳፎ ቁልቁል ሲፈስ፣ ከባዱ ጠጠር ወንፊቱን እየነካ በንቅናቄው ወደ ላይ ይወጣል። አዎ፣ ሽቅብ የሚሄደው ድንጋዩ ነው! ያስጎበኘኝን ቴክኒሻን ሁለቴ አስደግሜዋለሁ።

ብረት የሚይዘው ማግኔት ነው። ከመፍጫው በፊት እህሉ በሚወርድበት ቧንቧ ላይ ይገጠማል። አሉሚኒየም፣ መዳብና አብዛኛውን የማይዝግ ብረት ግን አይስብም። ምስማር ካለፈ ሮለሩን ይጎዳል፣ ተቆራርጦም ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። የባሰም አለ፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ያስነሳል፣ አየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ደግሞ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን ኤ የተባለው ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። መነሻው የወፍጮ ድንጋዮች ያለ እህል ተፋትገው ያስነሱት ብልጭታ ነው ተብሏል።

የመጀመሪያውን ጽሑፌን «ፋብሪካው ማግኔት አለው» ብዬ አስረከብኩ። መምህራችን ከጎኑ በቀይ «መቼ ተጠረገ?» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ማግኔቱ የያዘውን ካላነሱለት የሚወርደው እህል መልሶ ይዞት ይሄዳል።

ተመልሼ ሄድኩ። የጽዳት መዝገቡ ላይ የዕለቱ ፊርማ ተፈርሟል። ተረኛውን «ጋሼ፣ ከፍተው ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አልኳቸው። ማሽኑን አቁመው ከፈቱት። ማግኔቱ ፂም ያበቀለ ይመስላል፤ የብረት ብናኝ፣ ሁለት ምስማር፣ አንድ ቁራጭ ሽቦ። ጋሼ ዝም ብለው በጓንታቸው ጠረጉና «የኔ ልጅ፣ ማሽን ካልቆመ ይሄ አይከፈትም። ማሽን ከቆመ ደግሞ ለምን አቆምክ ተብዬ እጠየቃለሁ» አሉኝ።

ስለ ፊርማው ልጻፍ ወይስ ልተወው? ብጽፈው ሰውየው ከሥራ ሊባረሩ ይችላሉ። ብተወው ደግሞ ሽቦው ነገም የሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመጨረሻ የእሳቸውንም የፋብሪካውንም ስም ትቼ ፊርማውን፣ ምስማሮቹንና ማሽን የማቆሙን ጉዳይ ሦስቱንም ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ ለጽዳት ሲባል ማሽኑ በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ እንዲቆም ይፈቀዳል? መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።