በመርፌ ስለሚሰጡ የፔፕታይድ መድኃኒቶች ማሳሰቢያ

የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊን፣ ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን፣ አሁን ለክብደት መቀነሻ ብዙ ሰው የሚፈልገው ሴማግሉታይድ፣ ሦስቱም ፔፕታይዶች ናቸው። ፔፕታይድ እንደ ዶቃ የተሰካኩ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ኦክሲቶሲን 9፣ ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ፣ ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። እንዲህ ሕይወት የሚያተርፈው መድኃኒት ግን ሙቀት ያበላሸዋል፤ መጠኑ ሲዛነፍም ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ ይበሉ።

ኢንሱሊን በገዛ ፈቃድዎ አያቋርጡ። ጾም ሲገባ ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ መጠኑና ሰዓቱ ሊስተካከል ይችላል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው ምግብ ባይበላም ሰውነቱ ኢንሱሊን ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በቀናት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ጠበል የሚገቡ ሰዎችም መድኃኒታቸውን ይዘው ይግቡ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ለምእመናን ተናግረው ነበር። ይህ ምክር ለስኳር ሕመምተኛም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። «ካመንክ መድኃኒቱን ጣል» የሚልዎትን ሰው አይስሙ።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጥ። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ጥላ ባለበት ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው በትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ ያንን በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉና አሸዋውን ውኃ እያጠጡ ያቆዩት። በበረዶ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም አይክተቱ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን ለእናትዎ መድኃኒት ይዘው ሲመጡ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የሐኪም ማዘዣውም አብሮ ይሁን። በጭነት የሚሄደው ሻንጣ ሊቀዘቅዝ ወይም ፀሐይ ላይ ሊውል ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ፣ ላብ ላብ ሲል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሆድ ሲሞረሙር ስኳር ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት።

ምጥ ለማፋጠን ብሎ ቤት ውስጥ ኦክሲቶሲን መውጋት ክልክል ነው፤ ማሕፀን ሊቀደድ ይችላል። በትክክለኛው ጊዜ፣ ልጁ እንደተወለደ፣ አዋላጇ የምትሰጠው 10 ዩኒት ግን እናትን ከደም መፍሰስ ይጠብቃል። እሱም ሙቀት ላይ ከዋለ ኃይሉን ያጣል። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፣ የፍሪጃችሁን የሙቀት መዝገብ በየቀኑ ተመልከቱ።

ሴማግሉታይድን ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ነጋዴ አይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የሐሰት ሴማግሉታይድ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። እውነተኛውም ቢሆን በሳምንት በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ነው፤ ቶሎ ለመቅጠን ከፍ ባለ መጠን የጀመረ ሰው በትውከት ይሠቃያል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከ2 ወር በፊት ታቁመው። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የተባለ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ጭራሽ አይጀምረው። የሰርግ ልብስ እንዲገጥም ብቻ ይህን መርፌ መወጋት ስህተት ነው እላለሁ።

«ጅማት ይጠግናል፣ ቁስል ያድናል» እየተባለ በጂም አካባቢ ስለሚወራው ፔፕታይድ፣ ስለ ቢፒሲ 157፣ አጥብቄ ላሳስብ። በእንስሳት ላይ የተደረገው ጥናት ብዙ ነው፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አላጸደቀውም። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዱቄት በውኃ በጥብጦ መወጋት ምን እንደገባ ሳያውቁ መወጋት ነው፤ ንጽሕናውንም መጠኑንም ያረጋገጠ የለም። ሯጮች ደግሞ ሌላም አደጋ አለባችሁ፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስም ጠቅሶ ከልክሎታል። ጉዳት ሲደርስባችሁ የቡድን ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ የጓደኛችሁን ብልቃጥ አትካፈሉ። መርፌም ከማንም ጋር አትዋዋሱ።

ብልቃጡ ላይ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ከሌለ አይቀበሉ። የሚያጠራጥር መድኃኒት ካጋጠመዎት ሳይጥሉት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 ደውለው ያሳውቁ።