የቅጠል ምስክርነት

«ተክል ምግቡን ለማዘጋጀት ብርሃን፥ አየርና ውሃ ያስፈልገዋል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከጥቁር ሰሌዳ ያልገለበጠ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። በቃላችን አጥንተነዋል፤ በፈተናም ጽፈነዋል። ነገር ግን እውነትነቱን በምን አወቅን? ከመካከላችን ነገ በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ስላሉ ጥያቄው በቀጥታ እኛን ይመለከታል።

ቀድሞ ብዙ ሊቃውንት ተክል የሚያድገው አፈር እየበላ ይመስላቸው ነበር። በብራስልስ የተወለደው ሐኪም ፋን ሄልሞንት 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር መዝኖ አንዲት የአኻያ ችግኝ ተከለበትና 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፊቱ 164 ፓውንድ ስትጨምር ከአፈሩ የጎደለው 2 አውንስ ያህል ነበር። ሥራው ከሞተ በኋላ በ1648 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ዛፉ ከውሃ ብቻ ተሠራ ብሎ ደመደመ፤ አየርን ግን አላሰበውም። ሚዛኑ ሳይሳሳት ፍርዱ ተሳሳተ።

እኛስ እንዴት እንመርምር? አንድ የቦሎቄ ተክል በጣሳ፥ ጥቁር ወረቀት፥ አልኮልና አዮዲን ይበቃናል።

1ኛ/ ተክሉን ሁለት ቀን በጨለማ እናስቀምጥ፤ በቅጠሉ የተከማቸው ስታርች ያልቃል። ይህን የዘለለ ሰው የትናንቱን ስታርች የዛሬ ነው ይላል።

2ኛ/ የአንዱን ቅጠል ግማሽ ከላይና ከታች በጥቁር ወረቀት ሸፍነን ተክሉን ፀሐይ ላይ እናውለው።

3ኛ/ ቅጠሉን ቆርጠን አንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ እንንከር። ከዚያ እሳቱን እናጥፋ፤ አልኮል ቶሎ ይቀጣጠላልና ይህ ትእዛዝ አይዘለል። ቅጠሉን አልኮል ባለበት ብልቃጥ ከተን ብልቃጡን በሙቁ ውሃ ውስጥ እናቁም። አረንጓዴው ቀለም ወጥቶ ሲነጣ በሙቅ ውሃ አለስልሰን አዮዲን እናንጠብጥበት።

ፀሐይ ያየው ክፍል ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርች አለ ማለት ነው። የተሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ መልክ ብቻ ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ወረቀቱ የከለከለው ብርሃንን ነው ወይስ አየርን?» ቢለን ልንቆጣው አይገባም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ሌላ ቅጠል በዚያው አኳኋን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ መሸፈን ነው። ይኸኛው ከጠቆረ ልዩነቱን ያመጣው ብርሃን ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ የመሰከረው ስለ ብርሃን ብቻ ነው። ስለ አረንጓዴው ቀለም ለማወቅ ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ቅጠል እንውሰድ፤ የሚጠቁረው አረንጓዴው ነው። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ሙከራ ያሻል። ውሃን ብንከለክል ግን ተክሉ ጠውልጎ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ስለሚለወጥ መፍረድ አይቻልም። ሩበን፥ ካሜንና ባልደረቦቻቸው በ1941 (እ.ኤ.አ.) ከባድ ኦክሲጅን ያለበት ውሃ ለአልጌ ሰጥተው የሚወጣው ኦክሲጅን ከውሃ መምጣቱን አሳዩ።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፥ ለማስተማር በቆምን ጊዜ ሰሌዳውን ከመሙላታችን በፊት ቅጠሉን እናስቀድም። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተውን የተማረ ልጅ፥ ነገ የሚነገረውን ሁሉ ሳይመረምር አይቀበልም።