ጭላዳ ሣር ብቻ በልቶ እንዴት ይኖራል? ደረቱስ ለምን ቀላ?

ጥያቄ፦ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖረው ሣር በመብላት ነው ይባላል። እውነት ነው? ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትስ ለምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ጭላዳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ በብዛት ይታያል። የምግቡ አብዛኛው ክፍል በእርግጥም ሣር ነው፤ በክረምት ለምለሙን ቅጠል ይነጫል፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ መሬት ቆፍሮ ሥር ያወጣል። አልፎ አልፎ ዘርና ነፍሳትም ይበላል።

አመጋገቡ አረም የሚያርም ሰው ይመስላል። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣሩን እየነጨ መዳፉን ይሞላል፤ ከዚያ ወደ አፉ ይከታል። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወደፊት ይጠጋል።

የደረቱ ምልክት ከዚሁ አቀማመጥ ጋር ይያያዛል። ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው ቀለም መልእክት ያስተላልፋሉ፤ የጭላዳ መቀመጫ ግን ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ስለሚውል አይታይም። ፀጉር የሌለው የደረቱ ቆዳ ይህን ሥራ ይሠራል። የወንዱ ቅላት የበላይነቱን ያሳያል፤ ቤተሰብ የሚመራው ከሌሎቹ ይበልጥ ደማቅ ነው። በሴቷ ደረት ዙሪያ ያሉት ዶቃ መሳይ እብጠቶች ደግሞ ለመራባት ስትዘጋጅ ይለዋወጣሉ።

ጭላዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው አውሬ በማይደርስበት ገደል ላይ ነው። ከቀይ ቀበሮ ጋር ግን በሰላም ይውላል። በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በመንጋው መሃል ሲያድን አይጥ የመያዝ ዕድሉ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ በእጅጉ ይበልጣል።